በአንድ ሰው ስም የመጣ ካርድ

ካርዱ የመጣው ማክሰኞ ዕለት፣ ከፒዛ ማስታወቂያና ከመብራት ደረሰኝ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ኒራጃ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ፋኒንድራ ከሥራ እንደገባ ፖስታውን ቀደደ፤ ስሙና ፎቶግራፉ ያለበትን የሥራ ፈቃድ አወጣና እንደ ተባረከ ነገር ሁለት ዓይኖቹን አስነካው።

«ከእንግዲህ ቺንታላ ጌታዬ አይደለም!» አለ።

ቺንታላ እዚሁ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ፋኒንድራን በሥራ ቪዛ ለሰባት ዓመት ያሠራው የኮምፒውተር ድርጅት ባለቤት ነው። ቅዳሜን አያሳርፈውም። ዕረፍት ሲጠይቀው፣ «ቪዛህ በማን እጅ እንዳለ አትርሳ» ይለዋል። አሁን ግን ፋኒንድራ ግሪን ካርድ አመልክቶ መልስ እየጠበቀ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ይህ ካርድ ይሰጠዋል፤ በካርዱም ያሻው ቦታ መቀጠር ይችላል።

ለኒራጃ የመጣ ካርድ የለም።

የተጋቡት ባለፈው ግንቦት አገራቸው ሕንድ፣ ቪጃያዋዳ ከተማ ነበር። ቪዛዋ ተመትቶ ትኬቷም ተቆርጦ ሳለ የአሻዳ ወር ገባ። በአሻዳ አዲስ ሙሽራ ከባሏ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አታድርም፤ እናቷ ቤት ትሰነብታለች። «አንድ ወር አይገድልም፣ ወጉን አትስበሩ» አሉ አማቷ። በዚያው ወር፣ ፋኒንድራ ቴክሳስ ተመልሶ ሳለ፣ የግሪን ካርድ ወረፋው ተከፈተ። ማመልከት የሚችለው አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ስለሆነ ብቻውን አመለከተ። ኒራጃ ነሐሴ ላይ ስትደርስ ወረፋው ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የምትኖረው በእሱ የሥራ ቪዛ ላይ በተንጠለጠለ የጥገኛ ቪዛ ነው።

እሁድ ፋኒንድራ ጉዳዩን የከተማው ሕንዶች ቤተ መቅደስ ምግብ ቤት ይዞት ሄደ። እዚያ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያላቸው ኮቴሽ ናቸው። ወጣቱ ሁሉ «ባባይ» ይላቸዋል፤ አጎት ማለት ነው።

«ባባይ፣ በቪዛው ልቆይ ወይስ በካርዱ ልሥራ?»

«ይሄ ይጠየቃል? የእስር ቤቱ በር ተከፍቶለት ቁጭ የሚል ሰው አይተሃል?»

ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ።

«ኒራጃስ?»

«ምን ትሆናለች? ሚስት እንጂ ሻንጣ አይደለችም፣ አትጠፋም! ወረፋው ሲከፈት ትጨምራታለህ። ሁላችንም ያደረግነው እንዲሁ ነው።»

ኒራጃ ሰሃኗን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ዞር ብሎ ያያት የለም።

«እናንተ ስታደርጉት ሚስቶቻችሁ አብረዋችሁ አመልክተው ነበር?» አለች።

ባባይ የጎረሱትን ሩዝ አላምጠው እስኪጨርሱ አስጠበቋት። «ልጄ፣ አንቺ የፊዚዮቴራፒ ፈተናሽን አጥኚ። ይሄ የወረቀት ነገር ነው።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ፋኒንድራ ፈገግ ብሎ ገባ። «ቺንታላን ተሰናበትኩት። ሰኞ አዲስ ቦታ እጀምራለሁ።»

«ማመልከቻህን ያስገባችልህን ጠበቃ ጠየቅክ?»

«ባባይ እኮ ነገሩን...»

«ባባይ የቤት ደላላ ናቸው!»

በማግስቱ ጠዋት ኒራጃ ራሷ ደወለች፤ ባሏም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈተችው። ጠበቃዋ ወይዘሮ ፓዲያ አላቅማሙም።

«ባለቤትዎ አዲሱ ቦታ በካርዱ መሥራት ከጀመሩ የሥራ ቪዛውን ትተዋል ማለት ነው። እሳቸውን ማመልከቻቸው ያቆያቸዋል፤ እሱም ውድቅ ከሆነ መመለሻ የላቸውም። እርስዎን ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ የሚያቆይዎ ነገር የለም። አገርዎ ገብተው ወረፋውን መጠበቅ ነው፤ ዓመታት ሊሆን ይችላል። ሥራውን ጀምረዋል?»

«ሰኞ ነው» አለች ኒራጃ።

«እንግዲያው አልረፈደም።»

ስልኩ ተዘጋ። ኒራጃ ባሏን እስከዚያ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ እንደ አገሯ ሚስቶች በአክብሮት «ኤማንዲ» ነበር የምትለው።

«ፋኒንድራ» አለችው። «አገር ቤት ስትሄድ ሻንጣህን ሦስት ጊዜ ትመዝናለህ። እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አልመዘንከኝም።»

ፋኒንድራ ስልኩን አነሳ። አዲሱ ድርጅት ጋ ደውሎ ቪዛውን እንዲያዛውሩለት ለመነ። «የቀጠርንህ ካርድ ስላለህ ነው» አሉት። የቀረው ቺንታላ ነው። ቺንታላ በር ላይ አንድ ሰዓት አስቆመው። «ምነው፣ ካርዱ አልሠራ አለህ?» ብሎ ሠራተኞቹ ፊት ሳቀበት፤ ከዚያም ወደ ሥራው መለሰው።

ፋኒንድራ ኒራጃ የምትጠብቅበት መኪና ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ።

«እሁድንም ጨመረብኝ» አለ።

አዘነችለት። ይቅርታ ግን አልጠየቀችውም፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና።

እንዲህ ያለ ጥፋት የሚሠራው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ፋኒንድራ ሚስቱን ይወዳል። ነገር ግን የሁለት ሰው ኑሮ የቆመበትን ወረቀት በምሳ ጨዋታ ወሰነ፤ የሚመለከታትን ሳይጠይቅ፣ የማይመለከታቸውን ጠየቀ። ሕግ የሽማግሌን ዕድሜ አይቶ አይለወጥም።

ሰኔ ላይ ቺንታላ አገር ቤት ሄዶ ስለነበር ፋኒንድራ አንድ እሁድ አገኘ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ኪሪቲ የሚባል፣ ካገባ ገና ሁለት ወር ያልሞላው መሐንዲስ፣ ወረፋው በሚመጣው ወር ሊከፈትለት እንደሚችል ለባባይ ይነግራቸዋል።

«ሚስትህስ?» አለ ፋኒንድራ።

«ቪዛዋን ይዛለች። ግን እናቴ አሻዳ ይለፍ ብላለች።»

«ደግ ብለዋል» አሉ ባባይ። «አንድ ወር ምን...»

ፋኒንድራ ሰሃኑን አስቀመጠ። «ኪሪቲ፣ ትኬቷን ዛሬ ቁረጥ።»

«እናቴ ትቀየመኛለች!»

«ትቀየምህ። የእናት ቅያሜ ሲሰነብት ይበርዳል። እኔ ወጉን አክብሬ ያሳለፍኩት ወር ግን ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወረፋው መቼ እንደሚከፈትልን የሚነግረን የለም። እኔን አትመነኝ፣ ባባይንም አትመን። ጠበቃ ጠይቅ፤ ስትጠይቅም ሚስትህ በስልክ ትስማ።»

ባባይ አጎንብሰው ሩዛቸውን ያማስላሉ። ኪሪቲ ወደ ኒራጃ ዞረ።

«እህቴ፣ የጠበቃዋ ቁጥር አለሽ?»

ኒራጃ ስልኳን መክፈት አላስፈለጋትም። በቃሏ ነገረችው።