የዓምደ ሚካኤል ጨው

ዓምደ ሚካኤልን ሐይቁ የመለሰው ረቡዕ ጠዋት ነበር። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለ ታንኳ፣ ከውኃ ጥናት ጣቢያው በታች ደንገሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ 1979 ነው። መርማሪው ሻምበል አምሐ ሲደርስ ሬሳውን ሣሩ ላይ አውጥተው ነጠላ አልብሰውታል፤ ጭጋጉ ገና ከውኃው ላይ አልተነሣም። አምሐ ተንበርክኮ የሟቹን ራስ ቀና አደረገና ከማጅራቱ በላይ ዳሰሰ። ያበጠና የተሰነጠቀ ነገር እጁን ነካው።

«ድንጋይ መትቶት ይሆናል ጌታዬ» አለ ባለ ታንኳው።

«እዚህ ድንጋይ አለ?»

ሰውየው ውኃውን አየት አደረገ። «የለም። ጭቃ ነው።»

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሣህሉ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ካኪው የተተኮሰ፣ ፊቱ የተላጨ፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ወረቀት ዘረጋለት።

«ጓድ ሻምበል፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ዛሬ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስንከፍት ይህን አገኘን።»

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የጣናን ካርታ ለወንበዴዎች ያቀበልሁት እኔ ነኝ። የረዳችኝ የብርጓል ናት። ከምዋረድ ሐይቁ ይዋጠኝ። ዓምደ ሚካኤል።» ከግርጌው ኮምፒዩተሩ የመዘገበው ሰዓት አለ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።

«የጻፈው እሱ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?»

«ኮምፒዩተሩ ነዋ! እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል አለው። ያለዚያ ቃል በእሱ ስም ማንም አይገባም፤ እኔም ብሆን።»

የጣቢያው ጸሐፊ የብርጓል በዚያው ጠዋት ተይዛለች። ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። በዚህ ዓይነት ክስ የተላከ ሰው እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አምሐ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ኑዛዜ ተቀብሏል። መርስዔ ኀዘን የሚባል መምህር በታይፕ ጻፈው ተባለ፤ እሱም ሳይመረምር ከሥሩ ፈረመ። መምህሩ ፊደል ሊጽፍ በማይችልበት ሁኔታ እጁ ተሰብሮ እንደነበር የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በታይፕ የተመታ ኑዛዜ ባየ ቁጥር፣ በር ላይ አንድ ሰው ዝም ብሎ የቆመ ይመስለዋል።

በቀጥታ ወደ ፋሲሎ ሰፈር ሄደ፤ ሟቹ የሚኖረው እኅቱ ቤት ነበር። ፅጌ ማርያም ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ማክሰኞ ምሳ በላ?»

«በላ። ሽሮ ነው ያቀረብሁለት፤ ሰባት ሰዓት ላይ። ከዚያ ‹ሥራ አለኝ› ብሎ ወጣ።»

«ተጨንቆ ነበር?»

«ተናዶ ነበር እንጂ አልተጨነቀም። ‹ነገ ክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት እገባለሁ› ነው ያለኝ። ሊሞት ያሰበ ሰው ለነገ ይቀጥራል?»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደግሞ «ምሳው ገና አልተፈጨም» አለው። «ከበላ በኋላ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው የቆየው።»

ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞተ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጽፏል ማለት ነው።

ኮምፒዩተሩን የሚጠብቀው ሙሔ፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ከስክሪኑ አራቀ።

«ወላሂ ሻምበል፣ እኔም ይኸን ነበር የፈራሁት። ከጠዋት ጀምሮ ዓምዴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።»

«ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆን?»

«ከሬዲዮው ጋር አስተያየሁት። ደቂቃ አልሳተም።»

«የይለፍ ቃሉን ከውስጡ አውጥቶ ማንበብ ይቻላል?»

«ቃሉ እዚያ የለም እኮ! ዓምዴ የጻፈው ላይብረሪ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚሠሩበት። ቃልዎን ሲሰጡት ይፈጨዋል፤ የሚያስቀምጠው ዱቄቱን ብቻ ነው። ሌላ ቀን ሲመጡ የሰጡትን እንደገና ፈጭቶ ከዱቄቱ ጋር ያስተያያል። ዱቄት ደግሞ ተመልሶ እህል አይሆንም።»

«ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እህል ቢያስፈጩስ?»

ሙሔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ዓምዴ የሚወዳት ይህችን ነበር። ከመፍጨቱ በፊት ጨው ይጨምርበታል፤ በዕጣ የወጡ ሁለት ፊደላት። ዕጣው ከአራት ሺህ በላይ ነው። ስለዚህ ቃሉ አንድ ቢሆንም ዱቄቱ አይመሳሰልም። አሥራ ሦስት ፊደላት ይወጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨው ናቸው።»

«አቶ ሣህሉ ስለ ጨው ያውቃል?»

«አልነገርናቸውም። ‹ዝርዝሩን ለእናንተ ትቻለሁ› ነው የሚሉ።»

«ዱቄቱ የተቀመጠበትን መዝገብ መክፈት የሚችለው ማን ነው?»

«ዋናው ቁልፍ ያለን ሦስታችን ነን፤ ዓምዴ፣ አቶ ሣህሉ፣ እኔ።»

«አትመህ ስጠኝ።»

አምሐ በየሠራተኛው ስም የታተሙትን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ ቦታ ጣቱ ቆመ፤ ወደ ላይ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

የብርጓልን ያገኛት በእስር ክፍሏ ነው። አላለቀሰችም።

«ዓምደ ሚካኤል ክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት ምን ሊያደርግ ነበር?» አላት።

«የሰጠሙትን ሰዎች ነገር ሊያመለክት። ባለፈው ክረምት ሐይቁ ዳር ባለው አዲሱ የሰፈራ መንደር አሥራ አንድ ሰዎች ሰጥመዋል። ገበሬዎቹን እዚያ ያሰፈሯቸው ‹ውኃው አይደርስም› የሚል ሪፖርት ስለቀረበ ነው። እኛ የለካነው ግን ይደርሳል ነበር የሚል። ቁጥሩን በገዛ እጄ መትቻለሁ። ወደ ላይ የሄደው ግን ተቀይሮ ነው።»

«የቀየረው ማን ነው?»

«ሪፖርቱ ላይ ያለው የአቶ ሣህሉ ፊርማ ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምሐ ሁሉንም በኮምፒዩተሩ ክፍል ሰበሰበ። ሣህሉ ወንበር ላይ፣ ሙሔ ስክሪኑ ፊት፣ ፅጌ ማርያም ግድግዳውን ተደግፋ፣ የብርጓል በሁለት ወታደሮች መካከል። ከመስኮቱ ባሻገር ደንገሉ ይንሿሿል።

«ዓምደ ሚካኤል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቷል» ሲል ጀመረ። «ደብዳቤው የተጻፈው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መንፈስ ታይፕ አይመታም። እንግዲህ የገባው ሌላ ሰው ነው፤ ግን በምን ቃል?» የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አቶ ሣህሉ፣ ይህ የእርስዎ መስመር ነው፤ ይህ የሟቹ። ያስተያዩዋቸው።»

ሣህሉ አየ። «አንድ ናቸው።»

«አሥራ ሦስቱም ፊደላት። ለምን ይመስልዎታል?»

ሣህሉ ሳቀ። «ምን ይገርማል ጓድ ሻምበል? ሁለታችንም ‹ግሽ ዓባይን› መርጠን ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ስቀንበታል። ቃሉ አንድ ከሆነ የሚወጣውም አንድ ነው።»

ሙሔ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አምሐ ግን በለሰለሰ ድምፅ «ሙሔ፣ ለሁለት አዳዲስ ስሞች ይህንኑ ቃል ስጣቸው» አለው።

ቁልፎቹ ተንቋቁ። ማተሚያው ጮኸና ሁለት መስመር ተፋ። አምሐ ቀድዶ ለሣህሉ ሰጠው። ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት ጀምሮ አንዱ ሌላውን አይመስልም።

«ቃሉ አንድ ነው፤ ጨው ግን ለየብቻ። ቃሉ በትክክለኛው መንገድ ቢመዘገብ ኖሮ የእርስዎና የሟቹ መስመር እንዲህ ሊመሳሰል አይችልም። የተቀዳ ነው። የሟቹን ቃል ስላላወቁት በዋናው ቁልፍ መዝገቡን ከፍተው የራስዎን ዱቄት በእሱ ቦታ ገለበጡ፤ ከዚያ በእሱ ስም በራስዎ ቃል ገቡ። የእሱን መስመር ሳያስቀሩ ስላጠፉት መመለስ አልቻሉም።»

«ሙሔ ሊገለብጠው ይችላል!»

«ሙሔ ቢገለብጠው በእርስዎ ቃል መግባት ነበረበት። ቃሉን የሚያውቅ ማን ነው? አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የተናገሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሙሔ፣ በዓምደ ሚካኤል ስም ‹ግሽ ዓባይ› ብለህ ግባ።»

ስክሪኑ ተከፈተ። የሟቹ ስም በአረንጓዴ ብርሃን ሲመጣ ፅጌ ማርያም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሣህሉ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ቁጥሩን ቀይር ያሉኝ ከላይ ናቸው» አለ። «ዓምደ ሚካኤልን ለመንሁት። ‹ሰዎቹ አንዴ ሞተዋል፤ እኛን ለምን ትጨርሰናለህ› አልሁት። ጀልባ ማሰሪያው ላይ ጀርባውን ሰጠኝ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

«እሷንስ?» አለ አምሐ ወደ የብርጓል እያመለከተ።

«ቁጥሩን ታውቃለች።»

ሣህሉን ወሰዱት። ሙሔ የሟቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፈተ፤ ባዶ ናቸው። የውኃው ልኬት በሙሉ ጠፍቷል፤ የመስክ ደብተሮቹም ከመደርደሪያው የሉም።

«እንግዲህ የሰጠሙት የአሥራ አንዱ ሰዎች ነገር ሰው በመግደል ክስ ሥር ተዳፍኖ ይቀራል» አለ ሙሔ።

የብርጓል ገመዱ የተፈታላትን እጅዋን እያሻሸች ቀረብ አለች። «አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። በልጅነቴ ከደጅ ሆኜ እየሰማሁ ከተማሪዎቹ ቀድሜ በቃሌ እይዝ ነበር። አንዴ የመታሁት ቁጥር አይጠፋኝም።» ወደ አምሐ ዞረች። «ግን የሰማ ሰው መፈረም አለበት። እርስዎ ይደፍራሉ?»

አምሐ ከላይ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ብዕሩን ከፈተ።

«ከሰኔ አንድ ጀምሪ» አላት።

ዓይኖቿን ጨፈነችና ጀመረች፤ ቀኑን፣ የውኃውን ከፍታ፣ ቀኑን፣ የውኃውን ከፍታ። እሱም በገዛ እጁ ጽሑፍ ይከተላት ጀመር።