ለጋሼ ዳርጌ የተጫነው ስድሳ አራት ቢት

በጂንካ ኮምፒውተር ሲያስቸግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት፣ ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቢረሳ ፎርማት። ጠጋኙ የነበረውን አጥፍቶ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ደንበኛው አመስግኖ ይወጣል። «በዚህ ኮምፒውተር የምትሠራው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጠጋኝ ጥቂት ነው። ቢጠየቅም ደንበኛው «እናንተ ታውቃላችሁ» ማለት ይቀናዋል።

ኤልያብ ቸልተኛ ሰው አልነበረም። ከአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ይሠራል። የተማረበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ ደግሞ በነጻ ነው የሚጠግነው። ስለዚህ ግንቦት ማለቂያ ላይ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ብዙወርቅና ጋሼ ዳርጌ ወደ ሱቁ ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው።

ጋሼ ዳርጌ ማየት የተሳናቸው መምህር ናቸው። በትምህርት ቤቱ ላሉት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ብሬል የሚያስተምሩትም፣ ፈተናቸውን በብሬል የሚያትሙትም እሳቸው ናቸው። ለዚህ የሚያገለግል አንድ አሮጌ ማተሚያ አላቸው። ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ እየወጋ በጣት የሚነበብ ጽሑፍ ያወጣል፤ ሲሠራ ጩኸቱ ግቢውን ያናውጣል። ማተሚያው የሚታዘዘው በዚያን ቀን ጋሼ ዳርጌ ታቅፈውት በመጡት ኮምፒውተር ነበር።

«እሳቸው የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ሲል ኤልያብ ጠየቀ። የጠየቀው ወይዘሮ ብዙወርቅን ነው።

«ኤሊ ሆኗል እኮ!» አሉ ወይዘሮዋ። «ፈተና ደርሷል። ደኅና አድርገህ ጫንልን።»

«የነበረው ሠላሳ ሁለት ቢት ነው፤ ምክንያቱም...» ብለው ጋሼ ዳርጌ ጀመሩ።

«እሱን ይርሱት ጋሼ!» ኤልያብ ሳቀ። «ዛሬ ላይ ሠላሳ ሁለት ቢት መጫን ማለት ሚኒባስ ቆሞልዎት ወደ ዲመካ በእግር መሄድ ነው። ስድሳ አራት ነው የምጭንልዎት። ለእኛ ትምህርት ቤት ትንሹን አልሰጥም!»

ወይዘሮ ብዙወርቅ መረቁት። ጋሼ ዳርጌም ፈገግ አሉና ዝም አሉ። ስለ ማተሚያው መናገር ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን በነጻ የሚሠራላቸውን ሰው ማረም ከበዳቸው። እየተሰጣቸው ያማርጣሉ እንዳይባሉ ፈሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሠላሳ ሁለትና ስድሳ አራት የሚባሉት ቁጥሮች የማዕረግ ደረጃ አይደሉም። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር መረጃን በአንድ ጊዜ በምን ያህል ስፋት እንደሚያስተናግድ የሚናገሩ ናቸው። ስድሳ አራቱ ብዙ ሚሞሪ ላለው አዲስ ኮምፒውተር ተገቢ ነው፤ ሠላሳ ሁለቱ ከአራት ጊጋ ባይት በላይ ያለውን ሚሞሪ በአግባቡ ሊጠቀምበት አይችልም። የጋሼ ዳርጌ ኮምፒውተር ግን የነበረው ሁለት ጊጋ ባይት ብቻ ስለሆነ ከትልቁ ቁጥር የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም። ኤልያብ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው ኮምፒውተሩ ከምን ጋር ተያይዞ እንደሚሠራ ነው፤ አልጠየቀምና።

ትምህርት ቤቱ ለስምንተኛ ክፍል ባወጣው የሒሳብ ፈተና ዋዜማ ጋሼ ዳርጌ ማተሚያውን አበሩት። ትእዛዝ ላኩ። አልመለሰም። ደግመው ላኩ። ኤልያብ ተጠርቶ መጣና ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣ፣ በመጨረሻም ራሱን ነቀነቀ። «ማሽኑ አርጅቷል። አዲስ አበባ ካልተላከ እዚህ የሚነካው የለም» አለ።

ስለዚህ በማግስቱ ኢየሩስ ፈተናዋን በጆሮዋ ተፈተነች።

ኢየሩስ ከካኮ የመጣች፣ ጂንካ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ዓይነ ስውር ተማሪ ናት። ከትምህርት ሁሉ የምትወደው ሒሳብን ነው። አባቷ ሲልካት፣ «እንሞክረው፤ ካልሆነልሽ ግን ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ» ብሏታል። የሌሎቹ ትምህርቶች ፈተና ኮምፒውተሩ ወደ ኤልያብ ሳይሄድ በፊት ታትሞላት ነበር። ሒሳቡን ግን አንድ መምህር አጠገቧ ተቀምጦ አነበበላት።

«ቅንፍ፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር አምስት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ሲካፈል ለሦስት...»

«ሦስቱ የሚያካፍለው ሁሉንም ነው ወይስ አምስቱን ብቻ?»

መምህሩ ደገመላት። እንደገና ጠየቀች፤ እንደገና አነበበላት። ከኋላ አንድ ተማሪ «ኧረ ቀስ በሉ፣ እኛም እያሰብን ነው!» ሲል ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ኢየሩስ ይደገምልኝ ማለት አፈረች። ጣቶቿን ባዶ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ የሰማችውን ያህል ይዛ መለሰች። ያገኘችው ነጥብ ያለፈው ፈተናዋን ውጤት ግማሽ እንኳ አልሞላም። ውጤቱን የሰማች ዕለት አክስቷ ቤት እንደደረሰች ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

ጋሼ ዳርጌ ይህን ሲሰሙ በትራቸውን ይዘው ወደ ኤልያብ ሱቅ ሄዱ።

«ጋሼ! ማን አመጣዎት?»

«እግሬ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ጋሼ ዳርጌ ግን አልሳቁም። «ማሽኑ ደኅና ነው ልጄ። ሲበራ ራሱን ሲፈትሽ ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ድሮው ነው። የማያውቀው ኮምፒውተሩ ነው። ድራይቨሩ ለሠላሳ ሁለት ቢት ብቻ ነው የተሠራው፤ የማተሚያው ሠሪዎችም ሌላ አላወጡለትም።»

ድራይቨር ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ባለ ስድሳ አራት ቢት ሲስተም ለሠላሳ ሁለት የተሠራ ድራይቨር አይቀበልም። ኤልያብ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«ጀምሬ ነበር። አንተ ሚኒባስህን አስነሥተህ ሄድክ።»  «ግን ልጨርሰው ይገባኝ ነበር። ውለታህ ከበደኝና ይሉኝታ ያዘኝ። የእኔ ዝምታ ይኸው ልጅቷ ላይ አረፈ።»

«እኔ እኮ እርስዎን ላክብር ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ስታከብረኝ የጠየቅከው ወይዘሮ ብዙወርቅን ነበር።»

 ኤልያብ ከካርቶን ሥር የሠላሳ ሁለቱን ዲስክ ፈልጎ አወጣ፣ ደንበኞቹን ይቅርታ ጠይቆ ሱቁን ዘጋ፣ ከጋሼ ዳርጌ ጋርም አብሮ ሄደ። ዲስኩን ከማስገባቱ በፊት ወደ እሳቸው ዞረና «ጋሼ፣ ከማተሚያው ሌላ ምን ምን ይጠቀማሉ?» አለ። ጋሼ ዳርጌ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላቸውን ፕሮግራም፣ የፈተናዎቹን ፋይሎች፣ ሁሉንም ነገሩት። ኤልያብ አንድ ጊዜም አላቋረጣቸውም። ስድሳ አራት ቢቱንማ በርእሰ መምህርቷ ቢሮ ባለው፣ ብዙ ሚሞሪ በያዘው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጫነው፤ እዚያ ላይ ግሩም ሆኖ ሠራ።

ሥራው ሲያልቅ ወይዘሮ ብዙወርቅ ኢየሩስን አስጠሯት።

«የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሏት በርኅራኄ። «ነጥብ እንጨምርልሻለን። አባትሽም አይሰማም። አታልቅሺ።»

ኢየሩስ አላለቀሰችም፤ አመሰግናለሁም አላለችም።  ኤልያብ የልጅቷን ፊት አየ። ጋሼ ዳርጌ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ዝም ያሉበትን ፊት በእሷ ላይ አየ።

«ኢየሩስ» አላት። «አንቺስ? የሚሻልሽ የትኛው ነው?»

ልጅቷ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች።

«ነጥብ አልፈልግም» አለች። «ሌላ ፈተና ይውጣልኝና ወረቀቱን ስጡኝ። ብወድቅም በራሴ እወድቃለሁ።»

 ወይዘሮ ብዙወርቅ የሒሳብ መምህሩን ጠርተው አዲስ ፈተና እንዲያወጣ አዘዙ።

አንባቢ ሆይ፣ በመካከላችን ሌላው የሚያስፈልገውን ሳይጠይቁ የሚወስኑ ደጋግ ሰዎች ብዙ ናቸው። ትልቁን፣ አዲሱን፣ ለእኛ ጥሩ የሆነውን እንሰጣለን፤ ተቀባዩም በይሉኝታ አመስግኖ ይወስዳል። በተለይ አካል ጉዳተኛ ሲሆን ጥያቄውን እንኳ አጠገቡ ለቆመው እናቀርባለን። መስጠት መልካም ነው። ተቀባዩን ራሱን ጠይቆ፣ እስኪጨርስ ሰምቶ መስጠት ግን ግዴታ ነው። የሚጠየቀውም ሰው መናገር ግዴታው ነው።

ማተሚያው እየጮኸ ሦስት ወፍራም ወረቀት አወጣ። ኢየሩስ ለብቻዋ ተቀምጣ በሁለት እጇ አነበበች፤ ቅንፉ የሚዘጋበትን ቦታ ማንንም አልጠየቀችም። መጨረሻው ላይ ከደረሰች በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰችና፣ ገና ሰዓት ስለነበራት፣ አንዱን መልሷን ሰርዛ እንደገና ሠራችው።