ዳቦ ይዘህ ና

ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔም ዳቦውን በእጄ ባልይዘው ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ፀሐይ ወጥታ፣ ልጆች ታች ኳስ እየተራገጡ። መብራት እንኳን አልጠፋም ነበር።

እኔ እሸቴ እባላለሁ፤ የምኖረው ከእነሱ ሥር ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግማሹን ሄርሞን ነገረችኝ፣ ግማሹን ሙራድ። መጨረሻውን ማንም አልነገረኝም። አይቻለሁ።

የሄርሞን ባል ያፌት ይባል ነበር። ሥራው ሰርግ መቅረጽ ነው፤ በድሮን። የስንቱን ሙሽራ አናት ከሰማይ ቀርጿል መሰላችሁ። የራሱ ምስል ግን የለም፤ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነው። ለቅሶው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ከመታወቂያው ተነስቶ የጎላ ነበር። "ምን አጠፋሁ?" የሚል ፊት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ አምስት ዳቦ ይዞ ይመጣል። ከአምስቱ አንዱ ሁልጊዜ ጠርዙ ተነክሶ ነው ቤት የሚገባው።

"ይሄንን ደግሞ ማን በላው?"

"የሹፌር ድርሻ ነው፣ ሄርሚዬ።"

ደረጃው ሲሰለቸው ደግሞ "አንድ ቀን በድሮን ነው የምልክልሽ፤ በረንዳ ላይ ተቀበይ" ይላታል። ቡልቡላ ኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር ስለሆነ ድሮን እዚህ ሞተሩም አይነሳም፤ ራሱን ይቆልፋል። ያፌት ያውቃል። ቀልዱም እሱ ነበር።

አርባው በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሙራድ መጣ።

ሙራድ ኦሎምፒያ ያለው ስቱዲዮ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ነው። ለእሁድ ሰርግ ይዟል፤ ድሮኑን ሊወስድ ነው። ይህን ለማለት ሻዩን ሁለት ጊዜ አቀዝቅዟል።

"በስሙ ነው የተመዘገበው" አላት። "የእሱ ስልክ ሪሞቱ ላይ ተሰክቶ፣ አፑ ተከፍቶ፣ 'አላቅቅ' የሚለው ካልተነካ ለሌላ ሰው አይሠራም።"

"አንተ ንካው።"

"እጄ እምቢ ይለኛል፣ ሄርሚ። አንቺ ንኪው።"

ሄርሞን ስልኩን ከመሳቢያ ለማውጣት ብዙ ቆየች...

ሙራድ ሐዘን መሰለው። ሐዘን ብቻ አልነበረም።

ያፌት በሞተበት ቅዳሜ አያት አካባቢ ሰርግ ነበር። ድሮኑን ሁልጊዜ የሚያበረው በታብሌት ነው። አርብ ማታ "ታብሌቱን ቻርጅ ላይ አድርጊልኝ" ብሏት ነበር። እሷ ድራማ ስታይበት እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ታብሌቱ ሞቷል። ስለዚህ ሪሞቱ ላይ የራሱን ስልክ ሰካ።

ስልክ ሲሰካ ሕግ አለው፤ ኤርፕሌን ሞድ። አለበለዚያ ሰው ሲደውል ስክሪኑ ይሸፈናል፣ ድሮኑ የት እንዳለ አይታይም። ያፌት ይህን ሕግ ረስቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ስልኩን ክፍት ተወው።

ሙራድ ለምን እንደሆነ አልገባውም። ሄርሞን ገብቷታል። ጠዋት በር ላይ "ቅዳሜ በደወልኩ ቁጥር ስልክህ ዝግ ነው። ባል ነው ወይስ ሳተላይት ያገባሁት?" ብላው ነበር። እየሳቀች።

"ዛሬ አነሳለሁ" አላት። እሱም እየሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለች።

"ዳቦ ይዘህ ና።"

"እሺ... እየመጣሁ ነው።"

ስምንት ሴኮንድ።

በዚያች ስምንት ሴኮንድ ድሮኑ ሄዶ አንድ ያላለቀ ሕንፃ ላይ አረፈ። ያፌት ሊያወርደው ወጣ። ከስድስተኛው ፎቅ ጫፍ...

ድሮኑ አንድ ጭረት ብቻ ነበረበት።

ለቅሶ ላይ ሙራድ "በዚያ ሰዓት የደወለውን ሰው ባገኘው!" እያለ ደረቱን ሲመታ፣ ሄርሞን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዝም አለች። ለማንም አልተናገረችም። ስልኩ ከተመለሰላት ጀምሮ በየቀኑ ቻርጅ ታደርገዋለች። ከፍታው ግን አታውቅም። ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው የማን ስም እንደሆነ ታውቃለቻ።

አሁን ሙራድ ጉልበቱ ጉልበቷን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው።

ከፈተችው። ሙራድ ስሙን ሳያይ ቶሎ ወደ አፑ ገባች።

"ኤርፕሌን ሞድ" አላት ሙራድ በሹክሹክታ። "እሱ እንደሚያደርገው።"

አደረገች። ኬብሉን ሰካች። ሪሞቱን አበራች።

ጢጥ... ጢጥ...

"አሁን 'ድሮን አልተገናኘም' ይልሻል። አትደንግጪ። ድሮኑ ሻንጣው ውስጥ ነው፤ ባትሪዎቹም ስቱዲዮ ናቸው።"

እንደዚያ አላለም።

ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። ከዚያ ጠራ...

አረንጓዴ መረብ የለበሰ ሕንፃ ታየ። ከላይ። አጣናው፣ የአሸዋ ክምሩ፣ ስድስተኛው ፎቅ ጫፍ። ሰው የለም።

"የድሮ ቪዲዮ ነው" አለች ሄርሞን።

ሙራድ በጣቱ የስክሪኑን ጥግ አሳያት። የተቀረጸ ሳይሆን አሁን የሚታይ ምስል ነው። ቀኑ የዛሬ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ።

"ሻንጣውን እየው።"

ሙራድ ሶፋው ላይ ያለውን ሻንጣ ከፈተ። ድሮኑ ክንፉን አጥፎ ተኝቷል። የባትሪው ቦታ ባዶ።

"እዚህ ነው" አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ምስሉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ድሮን ሲነሳ አንድ ቦታ "ቤቴ" ብሎ ይይዛል፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ወደዚያ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ እስከ ቤት የቀረው ርቀት ይጻፋል። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይላል።

ዘጠኝ...

ስድስት...

ቆርቆሮ ጣራ አለፈ። የኤርፖርቱ አስፋልት አለፈ።

"እዚያ ላይ መብረር አይችልም" አለ ሙራድ። "ይቆለፋል።"

"የት ነው የሚሄደው?"

"'ቤቴ' ያለው ቦታ..." ሙራድ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። "ሄርሚ፣ የእናንተ ብሎክ ነው። ከዚህ ግን ተነስቶ አያውቅም።"

አራት መቶ ሜትር። ጣራችን ታየ፤ ጥቁሮቹ የውኃ ሮቶዎች። ታች ኳስ የሚጫወቱት ልጆች። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ድሮን ደግሞ ሲመጣ እንደ ንብ መንጋ ነው የሚጮኸው። እኔ በዚያ ሰዓት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ምንም አልሰማሁም።

ሰላሳ ሜትር። የእሷ በረንዳ። ሽቦው ላይ የተሰጣው ጥቁር ቀሚሷ።

በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ተሸፈነ።

ስልክ እየተደወለ ነው።

ኤርፕሌን ሞድ ላይ ባለ ስልክ። ሲም ካርዱም በተዘጋ ስልክ። የደዋዩ ስም "ሄርሚዬ" ይላል። የሄርሞን ስልክ ኩሽና ውስጥ ነበር።

ሙራድ ስሙን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ቀስ ብሎ ገባው።

"አንቺ ነበርሽ..."

"ዳቦ ይዘህ ና ልለው ነው።" አርባ ሁለት ቀን የታፈነው ወጣ። "ታብሌቱንም እኔ ነኝ። ስልኩንም ክፍት ያስተወው የእኔ ጭቅጭቅ ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ሙራዴ... 'ባገኘው' ያልከው ሰው እኔ ነኝ።"

ሙራድ እጁን ዘርግቶ ያሰረችውን ጥቁር ሻሽ ነካና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ስልኩ አሁንም ይጮሃል።

ማንም ሳይነካው ተነሳ። መጀመሪያ ንፋስ ተሰማ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ደረጃ እንደወጣ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ...

"እየመጣሁ ነው።"

ስምንት ሴኮንድ ቆጥሮ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ ያለው ርቀት ዜሮ ነበር።

የሄርሞንን ጩኸት የሰማሁት ያኔ ነው። እንደፈራ ሰው አይደለም የጮኸችው። ሬሳ ሲወጣ እንደሚጮኸው ነው።

ሮጬ ወጣሁ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ሙራድ ከፈተልኝ። በጣቱ ወደ በረንዳው አመለከተኝ። "ጋሽ እሸቴ፣ እርስዎ ይዩት። እኔ አላይም።"

ወጣሁ።

የልብስ ሽቦው ላይ፣ ከቀሚሷ አጠገብ፣ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ከውጪ በኩል። አራተኛ ፎቅ ነው፤ መሰላልም፣ ከጎን የሚያደርስ የጎረቤት በረንዳም የለም። ጥበቃውን በኋላ ጠየቅኩት፣ ከምሳ ወዲህ ወደ ብሎኩ የገባ እንግዳ ሙራድ ብቻ ነው።

አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ታች በኩል የሲሚንቶ አቧራ ነክቶታል። ሄርሞን ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

አምስት ዳቦ። ትኩስ ነው፤ ፌስታሉ በላብ ተሸፍኗል።

ሪሞቱ "ላላቅቅ?" እያለ አሁንም ይጠብቃል። ማንም አላየውም።

ሄርሞን ዳቦዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው... አምስተኛው ላይ ቆመች።

ከዚያ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው። ጠርዙ ተነክሷል።

የተነከሰበት ቦታ ገና እርጥብ ነበር።