ባዶው የዋርካ ጥላ

ፈረደ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ከምንጩ በላይ ባለው ቋጥኝ ሥር ነበር። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። የተጨበጠ ቀኝ እጁ ሲፈለቀቅ ስባሪ መስታወት ወደቀ።

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሁለተኛ በጋው ነው። የአርበኞች ልጆች በሽንፋ ወንዝ ገደል ባለ ዋሻ ተደብቀዋል። ዘበኞቻቸው ፈረደና ደምለው ነበሩ፤ ውሏቸውን የምትደለድለው አየሁሽ ናት። የጦሩ ዳኛ ግራዝማች ጀምበሩ በበቅሎ ሲደርሱ ሬሳው ገና አልተነሳም።

«ከፈረደ ጋር በምን ተጣላችሁ፣ እታለም?» አሏት አየሁሽን።

«ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ይዘው ይቀመጡ አለኛ! እኔ ደግሞ ጠዋት ፊደል፣ ቀትር ላይ ዋርካው ሥር የጭቃ ሥራ፣ ጥላውን ጠርገው ሲጨርሱ ዘፈን ብያለሁ። ጣሊያን ቤታቸውን አቃጠለ፤ ቀናቸውን አልሰጠውም!»

«ትናንት ቀትርስ እንደዚያው ዋላችሁ?»

አየሁሽ አንገቷን ደፋች። «ምያለሁ። አልናገርም።»

«ገዳይ ከሆንሽ ልጆቹ በየሰፈሩ ይበተናሉ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይበተኑ፤ ከሚሞቱ ይሻላል።»

ግራዝማች መልሷን ልብ አሉት። ቀጥለው ከገላባት በግመል ጨው የሚያመጣውን ነጋዴ ሽኩርን ጠየቁ።

«ወላሂ፣ ትናንት ቀትር ግመሎቼን ሳጠጣ ፈረደ ወደ ቋጥኙ ሲወጣ አይቻለሁ። ልጆቹን ግን አላየሁም። ዋርካው ሥር ዝንብም አልነበረ።»

ደምለው ሳቀ። «ዕውር ነህ? እኔ እዚያው ቆሜ ጭቃ ሲያቦኩ አይቻለሁ። አንዱማ የሠራውን በሬ አሳየኝ። ደግሞ እዚህ መስታወት የሚሸጠው ማን ሆነና?»

«ላንተም ሸጫለሁ ወንድሜ። ጺምህን በየጠዋቱ የምትላጨው ውሃ እያየህ ኖሯል?»

ግራዝማች ብቻቸውን ወደ ዋርካው ወርደው ተንበረከኩ። ከዚያ ቋጥኙ ላይ ወጥተው ወደ ታች ተመለከቱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ስትል ሁሉንም ዋሻው አፍ ላይ ሰበሰቡ። በመዳፋቸው ቅጠልና የጭቃ በሬ ይዘዋል።

«ይህን በሬ ያገኘሁት ቅጠል ለብሶ ነው። ከሥር ያለው ቅጠል ሲነኩት ይደቅቃል፤ የአንድ ሌሊት አይደለም። የጭቃው ጉድጓድም ተሰነጣጥቋል። ልጆቹ ሥራ ሲጨርሱ ጥላውን ይጠርጋሉ። ስለዚህ ትናንት እዚያ አልነበሩም፤ ሽኩር እውነቱን ነው። አየሁሽ፣ ማን አስማለሽ?»

«ፈረደ ራሱ» አለች። «‹ከቋጥኙ ላይ ለአውሮፕላን መስታወት የሚያብለጨልጭ አለ። እስክይዘው ልጆቹን ዋሻ አስገቢያቸው፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ› አለኝ። እሱ ሲሞት ማንን ልመን?»

ግራዝማች ወደ ደምለው ዞሩ። «አንተ የነገርከኝ ያየኸውን ሳይሆን የለመድከውን ነው። ልጆቹ ቀትር የት እንደሚውሉ ታውቃለህ፤ ለጠላት የሸጥከውም ይህንኑ ነው። ትናንት ግን ቋጥኙ ላይ ነበርክ። ከዚያ ዋርካው አይታይም፤ ወጥቼ አይቻለሁ። በል መስታወትህን አምጣ።»

«ጠፋብኝ።»

«ለዚያ ነው ዛሬ ጺምህ ያልተላጨው?»

ሽኩር የደምለውን ዝናር ፈታ። ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት ወደቀ፤ ከፈረደ እጅ የተገኘው ስባሪ ልክክ ብሎ ገጠመው።

ደምለው እጁን ሲጠፈር ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። «ምን ዋጋ አለው? ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ነው!»

የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ወደ ዋሻው ገቡ። ገደሉ ተናወጠ፤ ከጣሪያው አፈር ረገፈ። ልጆቹ አልተነፈሱም።

ድምፁ ወደ ሱዳን በኩል ርቆ ሲጠፋ ወጡ። ዋርካው ለሁለት ተሰንጥቋል። ከሥሩ ቦምብ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እየሰረገ ነው።

«ሌሊት ከዚህ እንነሳለን» አሉ ግራዝማች።

«እንነሳለን። ቀትሩ ግን የልጆቹ ነው» አለች አየሁሽ።

ነጠላዋን አደግድጋ ቦምቡ ወደ ቆፈረው ጉድጓድ ወረደች፤ አንድ እፍኝ እርጥብ ጭቃ ዘግና ወደ ላይ ተጣራች።

«ኑ ልጆቼ! ዛሬ የምንሠራው ፈረደን ነው።»