ከግራሩ ሥር የተኙት

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ተጋምሶ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶዋ አውሮራ ከተማ ሁለተኛው በረዶ በጣለበት ሳምንት፣ ዶክተር ውድነህ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው የታመመ ሰው ለመጠየቅ ከሚኖሩበት ከሎውሪ ሰፈር ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን ዓመት በመተማና በሁመራ ቆላ፣ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ ሲያጠኑ ኖረዋል፤ በጉሎ ዘይት የራሰ ወረቀት በምትደበቅበት የመሬት ስንጥቅ አፍ ላይ አኑረው ያድሩና፣ ሲነጋ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጠውን ዝንብ በመርፌ ጫፍ ያነሷት ነበር። ልጃቸውን ተከትለው ኮሎራዶ ከገቡ ወዲህ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች «የዝንቡ ዶክተር» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

በሽተኛው ሀብቱ ይባላል። ሚስቱ ሮማን ዲቪ ደርሷት በሰኔ ይዛው መጥታ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ አፓርትመንት ተከራይተው ገና ሥራ እንደ ጀመሩ ትኩሳት ያዘው፤ ሰውነቱ እንደ ጧፍ ሲያልቅ ሆዱ ግን ተነፋ። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለው ከመቅኔው ናሙና ወስደዋል፤ ሰኞ የካንሰር መድኃኒት ሊጀምሩለት ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር።

«እግዚአብሔር ይማርህ» አሉ ሲገቡ። ሀብቱ ሊነሣ ሞከረ።

«ኧረ ተኛ! ጳጳስ መሰልኩህ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ መልኬ አላማረም።»

«መቼ አምሮ ያውቃል?» አለች ሮማን፣ ብርድ ልብሱን እያስተካከለችለት። ሀብቱ ፈገግ አለ፤ እርሷም ለዚያች ፈገግታ ብላ እንደ ቀለደች ለሽማግሌው ገባቸው።

ብርድ ልብሱ ወዲያ ሲል፣ ከግራ ጎድኑ በታች፣ ጣፊያው ያለበት ቦታ ማበጡን አዩ። «ለመሆኑ አገርህ የት ነው?» አሉት።

«ፎርሙ ላይ አዲስ አበባ ብላ ሞልታዋለች።»

«ፎርሙን መቼ ጠየቅሁ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ» አለች ሮማን። «የትም ስንጠየቅ አዲስ አበባ ነው የምንለው። ሌላውን ማን ያውቀዋል? ስፔል አድርጊ እያሉ ያደክሙኛል።»

«ከመምጣትህ በፊት የት ነበርክ?»

«መተማ፤ ለቲኬቱ ብዬ የሰሊጥ እርሻ ምንጣሮ ገብቼ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት።»

«ማታ የት ትተኛ ነበር?»

«ሙቀቱ መች ቤት ያስተኛል? ግራር ሥር፣ እዚያው የተሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ሸራ ዘርግተን።»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። በሕይወታቸው አንድም ሰው አክመው አያውቁም፤ ቢሳሳቱ የሚያባክኑት ደግሞ የዚህን ልጅ የሕክምና ቀን ነው። «ካላዛር ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው፤ «ከሆነ የሰኞው መድኃኒት ይጎዳዋል።»

«ካልሆነስ?» አለች ሮማን። «በእኔ ምክንያት ቢዘገይበትስ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም ልጄ፤ ያቺን ዝንብ ግን አውቃታለሁ። የወሰዱትን መቅኔ ደግመው ይዩት በያቸው፤ እስከ ሰኞ ሁለት ቀን አለ፣ ምንም አይዘገይም።»

ሮማን ተነሥታ ሐኪሟን ጠራቻት። ወጣቷ ሐኪም ሰምታ፣ መተማ የሚለውን ፊደል በፊደል አስጽፋ፣ አዲስ አበባ ደጋ ነው፣ ካላዛር የለበትም ብለው ይህን በሽታ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ ተዉት ሳትደብቅ ተናገረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፤ በመቅኔው ውስጥ የካላዛር ተውሳክ ሞልቷል።

ሮማን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። «በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።»

«ተይ እንጂ» አሉ ሽማግሌው መሐረባቸውን እየሰጧት። «እኔም ኢሚግሬሽን ላይ አዲስ አበባ ብያለሁ፤ የተወለድሁት ደምቢያ ነው። ይሄ የሁላችንም ጥፋት ነው።»

ትክክለኛውን መድኃኒት በጀመረ በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ብርቱካኑንም እየተቆጣ፣ «እኔ ሥጋ ነው የምፈልገው!» እያለ ይበላ ጀመር። ዶክተር ውድነህ ግን አብረውት የተኙትን እያሰቡ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበርና መጥተው ጠየቁት፦ «ግራሩ ሥር ስንት ሆናችሁ ነው የተኛችሁት?»

«አራት።»

«ደውልላቸው።»

ሁለቱ ታመው ቤታቸው ተኝተው ነበር፤ ተነግሯቸው ጎንደር ሆስፒታል ገቡ፣ ዳኑም። ከሀብቱ ጋር በአንድ ሸራ የተኛውን የምናሉን ስልክ ግን ያነሡት እናቱ ናቸው፤ ልጃቸውን መስከረም ላይ ቀብረዋል። ሀብቱ ስልኩን ለሽማግሌው ዘረጋላቸው፤ ሮማን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ራሱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

በኋላ የአውሮራው ሕመምተኛ በሐኪሞች መጽሔት ላይ ያለ ስም ተጻፈ፤ የጎንደሮቹም በወሩ ሪፖርት ውስጥ ሁለት ተብለው ተቆጠሩ። ምናሉ ሐኪም ሳያየው ሞቷልና የቆጠረው የለም። በዶክተር ውድነህ የድሮ መዛግብት ውስጥ ግን ከአርባ ሺህ የሚበልጡ ዝንቦች አሉ፤ እያንዳንዷ የተያዘችበት ቀን፣ ሰዓትና ዛፍ ተጽፎላታል። ሽማግሌው በዚያች የስልክ ሰዓት መዛግብታቸውን አስበው አፈሩ፤ ስልኩንም ከሀብቱ ተቀብለው እናቲቱን ካጽናኑ በኋላ የምናሉን ስም እስከ አያቱ፣ ያረፈበትንም ቀን ጠይቀው በመጨረሻው መዝገብ ላይ ጻፉት። ከሠላሳ ዓመት ሥራቸው የሰው ስም ያለበት ገጽ ያ ብቻ ነው።