ከመከር በፊት የተነፋ ጥሩምባ

ቀራፂው ታፈረ አሶሳ ሠፈራ ጣቢያ አደባባይ ላይ፣ ራሱ ካቆማቸው የሲሚንቶ ጥሩምባዎች ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተሰብሯል፤ አጠገቡም አንድ የቅል ጥሩምባ ተሰባብሮ ወድቋል። የአገሩን ተወላጆች የበርታዎችን የመከር ጥሩምባ አይቶ፣ ቅርጹን እያጣመመ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጠው ሠፋሪው «ይኼ ደግሞ ሰው ነው ዝሆን?» እያለ ይስቅበት ነበር። «የአፍሪካ ጉሮሮ ነው» ይላቸው ነበር፣ ምስኪን!

መርማሪው መቶ አለቃ ዲሳሳ ሲደርስ የጣቢያው ካድሬ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው።

«ጥሩምባውን ያዋሰው በርታው ኦመር ነው፤ ገዳዩም እሱ። ነገ ለሐውልቱ ምርቃት እንግዳ አለብን። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ ይረሸናል።»

ኦመር እህል መጋዘን ውስጥ ታስሮ፣ ፊቱ አባብጦ ተቀምጧል። «ዋላሂ እኔ አልገደለም! ታፈረ ወንድሜ ነው» አለ። ዲሳሳ የጥበቃ ኃላፊውን ይታየውን ጠርቶ «ነፍሱን አደራ፤ ማንም እንዳይነካው» አለው።

«ምን ገዶኝ።»

«አንተስ ምን አየህ?»

«ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ሲጮህ ሰምቼ ሮጥኩ። ኦመር ሲሸሽ አየሁት።»

ዲሳሳ ወደ አደባባዩ ተመልሶ ስብርባሪውን አገላበጠ። የጥሩምባውን አፍ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና በመሐረብ ጠቀለለው። ከዚያ ሬሳውን ያገኘችውን ሴት፣ አገኘሁሽን፣ ጠራት። የወሎ ሠፋሪ ናት፤ ባሏ ከጠፋ ወዲህ ለታፈረ ሲሚንቶ ታቦካ ነበር።

«እህቴ፣ ታፈረ የነገረሽ ነገር አለ?»

እንባዋ ቀደማት። «ትናንት የመጨረሻውን ጥሩምባ መሠረት ሲቆፍር የሰው አጥንት አወጣ። አንገቱ ላይ እኔ ያሰርኩለት ማተብ ነበር። ባሌን! ይታየው ‹ኮብልሏል› ነበር ያለኝ። ታፈረ ‹እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ› ብሎ ሄደ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዲሳሳ ሠፋሪውን ሁሉ አደባባዩ ላይ ሰበሰበ።

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ሰበረ ይባላል፤ ማጅራት ሰበረ ሲባል ግን ዛሬ ሰማሁ። ቁስሉ ላይ የሰደፍ ብረት ጠርዝ ታትሟል። ታፈረ የሞተው በጠመንጃ ሰደፍ ነው፤ ቅሉ ለኦመር ማሳበቢያ ነው።» መሐረቡን ፈታ። «ይታየው ጥሩምባ ሰማሁ አለ። እዩት፣ አፉ በደረቅ ጭቃ ተደፍኗል! በርታዎች ማሽላው ሳይገባ ጥሩምባ አያስነፉም። ኦመር ሲያውሰው ማንም እንዳይነፋው ደፍኖ ነው የሰጠው። የዚህ አገር ልጅ በዚህ ወር ጥሩምባ ሰማሁ ብሎ አይዋሽም፤ ትናንት ከደጋ የወረደ ግን ይዋሻል። ታፈረ የአገኘሁሽን ባል አጥንት አውጥቶ ይታየውን ጠየቀው፤ ይታየው አፉን ዘጋው።»

ሚሊሻዎቹ የይታየውን ጠመንጃ ተቀበሉት። እሱ ፈገግ አለ።

«ኦመርን ፍቱት!» አለ ዲሳሳ።

«አደራውን ለእኔ ሰጥተኸኝ የለ?» አለ ይታየው።

ዲሳሳ ወደ መጋዘኑ ሮጠ። ኦመር በገዛ ጥምጥሙ ማገሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ዲሳሳ እግሮቹን አቅፎ ወደ ላይ እያነሳ «ቢላዋ! ቢላዋ አምጡ!» እያለ ጮኸ። ማን ይስማው!

ካድሬው ከበሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አሰበ።

«ራሱን ሰቀለ ማለት ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። ጉዳዩ አልቋል። ለጓድ ይታየው ትጥቁን መልሱለት።»

መለሱለት።