ረፊቃ ፊት ላይ ያረፈው ጽሑፍ

«አጥፊው እንጂ ታንጉት! ሰው አዳራሹን ሞላው እኮ!» አለች ጓደኛዋ ረፊቃ።

ታንጉት ጣቷን ላፕቶፑ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ከጎን ካለው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወንበር ሲጎተት፣ ልጆች ሲያፏጩ ይሰማል። የድራማ ክበቡ በስልክ የቀረጸው ፊልም ዛሬ ሊታይ ነው። ረፊቃ ከፍየል ጸጉር የተሠራ ሪዝ ለጥፋ የሰሊጥ ደላላ ሆናበታለች። ሲያቀናብሩት እንኳ ታንጉት በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ማቀናበሪያው ፕሮግራም ግን ስላልተገዛ፣ «የሙከራ ቅጂ» የሚል ትልቅ ነጭ ጽሑፍ በምስሉ መሀል ያትማል። ልክ ረፊቃ ፊት ላይ! ረፊቃም ጽሑፉን ያነሳል የተባለ ክራክ፣ ያልተገዛ ፕሮግራም መክፈቻ፣ በፍላሽ ይዛ መጣች። ፍላሹ በተሰካ ቁጥር ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣው አንቲቫይረስ ቀይ ምልክት እያወጣ ያግደዋል።

«ይሄ ደሞ ከጉምሩክ ባሰ!» አለች ረፊቃ እየተቁነጠነጠች። «ለአምስት ደቂቃ ዞር ቢልልን ምን አለበት?»

የታንጉትም ልብ እየዘለለ ነበር። የላፕቶፑን ማስተካከያ ከፍታ አንቲቫይረሱን አጠፋችው።

«ኻላስ! አለቀ! ፏ ብዬ ልታይ ነው!» ረፊቃ አጨበጨበች።

ከክራኩ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ ነበር። ታንጉት ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችው፦ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ። ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ችላ ብላችሁ እለፉ።»

ጣቷ ቆመ። መተማ ዮሐንስ ያደገች ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ኬላው ላይ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ታያለች። ሹፌሩ «ይችን ጆንያ እንኳ ተዋት» ካለ፣ መጀመሪያ የሚያስወርዱት ያችኑ ጆንያ ነው።

«ረፊ፣ ፈታሹን አባሩልኝ ብሎ የሚገባ ዕቃ ምን ዓይነት ነው?»

«ኧረ ባክሽ! ሁሉም ይጭነዋል።»

«ነገ የሁሉም ክፍል ፍላሽ እዚሁ ላይ ነው የሚሰካ። መምህር ደረበ የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ሲሰጡኝ ‹አደራ› ነው ያሉኝ።»

የረፊቃ ዓይን ውኃ ሞላ። «እናቴ ሱቋን ዘግታ መጥታለች እኮ፣ አንች። ስተውን አይታኝ አታውቅም። ፊቴን ሳታይ ልትመለስ?»

ታንጉት በልቧ፣ አቤቱ ምን ልበላት፣ አለች። ከዚያ አንቲቫይረሱን መልሳ አበራችው። ቀዩ ምልክት ብቅ አለ። ፍላሹን ነቅላ ረፊቃ መዳፍ ላይ አኖረችው።

ከአዳራሹ «ጀምሩ! ጀምሩ!» የሚል ጩኸት መጣ። ረፊቃ አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና በዚያ በወፍራሙ የደላላ ድምጿ፣

«እናቴ እንደሆነች የእኔን ድምጽ ከገበያ መሀልም ትለየዋለች! ያላ፣ ተነሽ!» አለች።

ላፕቶፑን ታቅፈው ሮጡ። ፊልሙ ሲጀምር ነጩ ጽሑፍ ረፊቃ ፊት ላይ ተጋደመ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ታንጉት ቀና ብላ አላየችም። የድምጽ ማጉያውን ቁልፍ ይዛ እስከ መጨረሻው አዞረችው።